የርቀት ሥራና የከተሞች የኑሮ ዋጋ፤ ለአንዱ ርካሽ፣ ለሌላው ውድ

የኮሮና ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለምን ቢሮዎች በዘጋበት ወቅት በርካታ ባለሙያዎች ሥራቸውን ከቤታቸው ሆነው ማከናወን መጀመራቸው ይታወሳል። ወረርሽኙ ከረገበ በኋላም አሠራሩ በመቀጠሉ፣ ደመወዙን ከአንድ ሀገር እያገኘ በሌላ ሀገር የሚኖር ሠራተኛ ተበራክቷል። እነዚህ ባለሙያዎች የሚኖሩበትን ከተማ ሲመርጡ በቅድሚያ የሚያነጻጽሩት የኑሮ ዋጋን ነው። ይሁን እንጂ ያለፉት ዓመታት ተሞክሮ እንደሚያሳየው፣ የአንድ ከተማ ኑሮ ርካሽ ወይም ውድ የሚባለው በገበያው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ከፋዩ ገቢውን በሚያገኝበት ቦታ ጭምር ነው።

በርካታ መንግሥታት የርቀት ሠራተኞችን ለመሳብ ልዩ ፈቃድ አዘጋጅተዋል። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2020 ከቀዳሚዎቹ አንዷ ስትሆን፣ በዚያው ዓመት ጆርጂያ ወርሃዊ ገቢያቸው ቢያንስ 2 ሺህ ዶላር ለሆነ፣ ዱባይ ደግሞ 5 ሺህ ዶላር ለሚያገኙ ባለሙያዎች በራቸውን ከፍተዋል። የመንግሥታቱ ዓላማ ግልጽ ነው፤ እንግዳው የአገሬውን የሥራ ቦታ ሳይሻማ የውጭ ምንዛሪ ይዞ ይመጣል።

ፖርቱጋል ተመሳሳይ ቪዛ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሆን፣ አመልካቹ ከሀገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ አራት እጥፍ ገቢ እንዲኖረው ትጠይቃለች። ዝቅተኛው ደመወዝ እ.ኤ.አ. በ2025 870 ዩሮ ስለነበር፣ እንግዳው በወር 3 ሺህ 480 ዩሮ ማግኘት ይጠበቅበት ነበር። ይህ ሰው በሊዝበን ከተማና አካባቢዋ በ40 ዩሮ ወርሃዊ ካርድ በባቡር፣ በአውቶቡስና በትራም ይጓጓዛል፤ ከለንደን ወይም ከኒው ዮርክ ጋር ሲያነጻጽረውም ኑሮው ቀላል ይሆንለታል። በአንጻሩ በዝቅተኛ ደመወዝ የሚተዳደረው የሊዝበን ነዋሪ ለተመሳሳይ አፓርታማ የሚወዳደረው ከእርሱ አራት እጥፍ ከሚያገኝ ሰው ጋር ነው።

ይህ ልዩነት እ.ኤ.አ. በ2023 በሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎችን የመኖሪያ ቤት ጥያቄ አንግበው ወደ ሊዝበን አደባባዮች አውጥቷል። የሀገሪቱ መንግሥት በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ በከተሞች አዳዲስ አፓርታማዎች ለቱሪስት እንዳይከራዩ አግዶ ነበር። ቀጥሎ የመጣው መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. በ2024 እገዳውን አላልቶ ውሳኔውን ለማዘጋጃ ቤቶች ሰጥቷል። እርግጥ ነው፣ ለኪራዩ መናር የርቀት ሠራተኞች ብቻቸውን ተጠያቂ አይደሉም። የቱሪዝም መስፋፋት፣ የውጭ ባለሀብቶች የቤት ግዢና የግንባታ ማነስም ድርሻቸው ከፍተኛ ነው።

የጆርጂያ ዋና ከተማ ትብሊሲ ሁኔታ ደግሞ የኑሮ ዋጋ ሰንጠረዥ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያረጅ ያመለክታል። የዩክሬን ጦርነት እ.ኤ.አ. በ2022 ሲጀመር በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሩሲያውያን ወደ ጆርጂያ የገቡ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ከርቀት የሚሠሩ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ነበሩ። በወራት ውስጥ የቤት ኪራይ በእጅጉ ናረ። የሀገሪቱ ገንዘብ ላሪም ተጠናክሮ፣ በ2021 መጨረሻ ከ3 ላሪ በላይ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ወደ 2 ነጥብ 7 ላሪ ወረደ። በመሆኑም የአምናውን ዋጋ አስቦ የመጣ እንግዳ በኪራዩም በምንዛሪውም ተጎድቷል።

በዱባይ የግል ገቢ ግብር አለመኖሩ ብዙዎችን ይስባል። ሆኖም አከራዮች የዓመቱን ኪራይ በጥቂት ቼኮች አስቀድመው መጠየቃቸው የተለመደ ስለሆነ፣ እንግዳው ከመግባቱ በፊት ከፍተኛ ገንዘብ ማዘጋጀት ይኖርበታል። በበጋ ከ40 ዲግሪ የሚያልፈው ሙቀትም የማቀዝቀዣ ወጪን የግድ ያደርገዋል።

በወጪ ሰንጠረዥ ውስጥ የማይታየው ሌላው ጉዳይ ሰዓት ነው። ኒው ዮርክ ላለ መሥሪያ ቤት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት የሚሠራ ባለሙያ ሊዝበን ቢኖር አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ከምሽቱ 4 ሰዓት ያበቃል። ትብሊሲ ወይም ዱባይ ከሆነ ግን ሥራው የሚያልቀው ከሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። ኪራዩ ቢረክስም የቤተሰብና የዕረፍት ጊዜው ይወሰድበታል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይመለከታል። ሀገሪቱ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር በሐምሌ 2016 ዓ.ም ያስጀመረችው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ወጣቶች ለዓለም ገበያ የሚሆን ክህሎት እንዲጨብጡ ያለመ ነው። አዲስ አበባ ከመካከለኛው አውሮፓ በሰዓት የምትቀድመው በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ብቻ በመሆኑም፣ ለአውሮፓ ድርጅት የሚሠራ ወጣት እንደ ልማዱ በቀን መሥራት ይችላል።

በዚያው ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚከፈለው ባለሙያ የብር ገቢው ከእጥፍ በላይ አድጓል። ደመወዙን በብር የሚያገኘው ጎረቤቱ ግን በአንድ የኪራይ ገበያ ከእርሱ ጋር ይወዳደራል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የውል ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ በሚወሰን መጠን ብቻ እንዲሆን መደንገጉ ለተከራዩ ዋስትና ይሰጣል። ይሁን እንጂ የሊዝበን ተሞክሮ እንደሚያስገነዝበው ቁጥጥር ብቻውን የቤት እጥረትን አያቃልልም።

ስለዚህ ከተሞች ከውጭ የሚገባውን ገቢ ለማስተናገድ ሲዘጋጁ የቤት አቅርቦትንም ጎን ለጎን ማስፋት ይጠበቅባቸዋል። ከተማን የሚመርጠው ሠራተኛም ቢሆን ዋጋው ለእርሱ ብቻ ሳይሆን በስፍራው ደመወዝ ለሚኖረው ነዋሪም የሚቻል መሆኑን ቢመዝን ይጠቀማል። ነዋሪው ሊከፍለው ያልቻለው ኪራይ ውሎ አድሮ እንግዳውንም ማስወጣቱ አይቀርምና።