ልጆቻችንን ከክበብና ከአማርኛ አንዱን ምረጡ አንበላቸው



ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ተማሪዬ ዘጠነኛ ክፍል እንደገባች በመደበኛ ትምህርት ቤቷ የሮቦቲክስ ክበብ ተመዘገበች። ከገና ዕረፍት በፊት መጥታ፣ «ቲቸር፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሮቦቱን እንሠራለን። እስከ ማርች ድረስ አንዳንድ ቀን ብቀር ችግር አለው?» አለችኝ። እኔም ቆፍጠን ብዬ «አንዱን ምረጪ» አልኳት። መረጠች። ከዚያ በኋላ እኛ ጋ መጥታ አታውቅም። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ፊደል ያስቆጠርናት፣ ለአያቷ በራሷ እጅ ደብዳቤ መጻፍ የጀመረች ልጅ ነበረች። እናቷን በኋላ ሱቅ ውስጥ አገኘኋትና ስጠይቃት፣ «እኔም ያንተኑ ነው ያልኳት፤ ምን ላድርግ?» አለችኝ። እናትየው ምንም አላጠፋችም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ይህን የምጽፈው ዘንድሮም ዘጠነኛ ክፍል የገቡ ልጆች ስላሉን ነው። ከአንዳንዶቻችሁ ጋር ስናወራ «ክበብ ጊዜ ማባከን ነው፣ ትምህርቱን ይማር፣ ቅዳሜ አማርኛውን ይማር፣ ይበቃዋል» የሚል ነገር እሰማለሁ። እስቲ ወደ ራሳችን ጊዜ እንመለስ። አገር ቤት ሃይስኩል ስንማር ሚኒ ሚዲያ አልነበረም? በእረፍት ሰዓት በዚያ በሚንጫጫ ድምፅ ማጉያ ዜና፣ ግጥም፣ እንቆቅልሽ ይነበብ ነበር። ቀይ መስቀል ነበር፣ ፀረ ኤድስ ክበብ ነበር፣ ችግኝ የሚያስተክለን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ነበር። እኔ ሰው ፊት ቆሜ ማንበብ የለመድኩት አማርኛ ክፍል ውስጥ አይደለም፤ ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ስሜን አሳስቼ ጠርቼ ግቢው ሁሉ የሳቀብኝ ቀን ነው። እናንተም ተመሳሳይ ታሪክ አታጡም።

እዚህ ያለው ክበብ ደግሞ ከዚያ ሰፋ ይላል። ልጆቹ ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፣ ኩኪስ ሸጠው ገንዘብ ያሰባስባሉ፣ ኃላፊ መምህር ፈልገው ያሳምናሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ልጅ ሃይስኩል ለመጨረስ 75 ሰዓት የበጎ አድራጎት አገልግሎት እንደሚያስፈልገው ታውቃላችሁ። ክበቡ የሚሠራው ሥራ በትምህርት ቤቱ ከተፈቀደ ከዚያ ውስጥ ሊቆጠር ይችላል። የኮሌጅ ማመልከቻ የሚሞላበት ኮመን አፕም ለትርፍ ጊዜ እንቅስቃሴ 10 ቦታ አለው። (ይህን የሰሙ አንዳንድ ወላጆች ደግሞ ልጁን ስድስት ክበብ ያስመዘግቡታል! እባካችሁ ተዉ። አንድ ክበብ ውስጥ ሦስት ዓመት የሠራ ልጅ ይሻላል።)

ግን እኔ ዋናው ነገር የምለው ሌላ ነው። በአካባቢያችን ባሉ አንዳንድ ሃይስኩሎች ልጆቻችን የሐበሻ ተማሪዎች ክበብ አላቸው። እውነቱን እንነጋገር፣ ስብሰባው በእንግሊዝኛ ነው። ሆኖም የእንቁጣጣሽ ፖስተር ሲሠሩ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይደውሉልኛል። «ቲቸር፣ ሐበሻ በየትኛው ሀ ነው?» ስንት ዓመት ሳስተምር ክፍል ውስጥ ይህን ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ ተማሪ የለም። ክፍል ውስጥ አማርኛ የእኛ የአስተማሪዎቹና የእናንተ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ፖስተር ላይ ግን የራሳቸው ጉዳይ ይሆናል፤ ጓደኛ ያየዋላ!

ክበቡ በልጃችሁ ትምህርት ቤት ከሌለ ልጆቹ ራሳቸው መመሥረት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ኢኳል አክሰስ አክት የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ የመንግሥት ሃይስኩል ከመደበኛው ትምህርት ጋር የማይገናኝ አንድ ክበብ እንኳ ከፈቀደ፣ ሌላውን ክበብ በሃይማኖቱ፣ በፖለቲካው ወይም በሚናገረው ነገር ምክንያት መከልከል አይችልም። ሕጉ እኛንም ይመለከታል። ክበቡ የተማሪዎች መሆን አለበት፤ ከውጭ የመጣ ሰው ሊመራው ወይም ዘወትር እየመጣ ሊቀመጥበት አይችልም።

ይህችኛዋን አንቀጽ እኔ በጣም ነው የምወዳት። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆቹ ለባህል ቀን ፖስተር ሠርተው፣ የየትኛው ባንዲራ ይሁን በሚል ወላጆች እየተደዋወሉ ሲጨቃጨቁ ነገሩ ልጆቹ ጋ ደረሰ። በዚያ ዓመት የባህል ቀኑ ቀረ። አብረው ምሳ ይበሉ የነበሩ ልጆችም ጠረጴዛ ለዩ። እኛ የተጣላንበትን ነገር የ15 ዓመት ልጅ ተሸክሞ ካፍቴሪያ እንዲገባ ማድረግ ምን ይባላል? አምባሻ ጋግራችሁ ላኩ፣ የሀገር ልብስ አውሱ፣ ሲጠይቋችሁ መልሱ። ሌላውን ለእነሱ ተዉላቸው።

ስለ ሴቶች ልጆቻችንም አንድ ነገር ልበል። ወንዱ ለኳስ እስከ ማታ ይቆያል፤ ሴቷ ግን ታናናሾቿን እንድትጠብቅ ደወል እንደተደወለ ቤት ትገባለች። የሁላችሁም የሥራ ሰዓት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማታ የሚነዳ አለ፣ ሌሊት ሆስፒታል የሚያድር አለ። ግን ሸክሙ ሁልጊዜ እሷ ላይ ብቻ ለምን ይወድቃል? ማታ የሚሄድ አውቶቡስ መኖር አለመኖሩን ትምህርት ቤቱን ጠይቁ። ከሌለ በአንድ ሰፈር ያላችሁ ተራ ገብታችሁ ልጆቹን አምጡ። ለቅሶና ሠርግ ላይ የምንተጋገዝ ሰዎች ለዚህ አናንስም።

እኛም በበኩላችን የትልልቆቹን ክፍል የምናስተምር ሁለታችን ተስማምተናል። ከጃንዋሪ ጀምሮ ውድድር ወይም ዝግጅት ያለበት ተማሪ ቀኑን አስቀድሞ በቡድናችን መልእክት ይላክልን፤ ቀሪ አይባልም። በምትኩ ክበቡ ያን ቅዳሜ ምን እንደሠራ በአማርኛ ሦስት ደቂቃ በድምፅ ቀርጾ ይልካል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ውስጥ እናዳምጠዋለን። ሮቦት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች የግማሾቹን ስም በአማርኛ እኔም አላውቀውም፤ ብሎንና መፍቻ ላይ ነው የማቆመው። አባቱ ጋራዥ የሚሠራ ተማሪ አለን፤ እሳቸውን እንጠይቃለን።