ታላላቅ የፋብሪካ መኪናዎችን ከባሕር ማዶ ስለ ማምጣት

አንድ አገር ፋብሪካ ለማቆም በቈረጠች ጊዜ የሕዝቡ ዓይን የሚያርፈው በሕንፃው መሠረትና በምረቃው ቀን ላይ ነው። ፋብሪካውን ፋብሪካ የሚያሰኘው መኪና ግን ከውቅያኖስ ወዲያ ተሠርቶ፤ በመርከብ ተጭኖ፤ ከወደብ ወርዶና ተራራ ወጥቶ መድረስ እንዳለበት የሚያስብ ጥቂት ነው። አገራችን በ1985 ዓ.ም. ከባሕር በር ከተለየች፤ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነትም ወዲህ ከውጭ የምታስገባው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ ስለ ሆነ፤ ይህ ነገር ለነጋዴዎች ብቻ የሚተው አይደለም።

ከባድ ዕቃን ማንቀሳቀስ ለአባቶቻችን እንግዳ ነገር አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ 7 ቶን ያህል ሆኖ ሳለ፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው በሰው ጉልበት ብዛት ብቻ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ የጅዳንና የበሽሎን ገደል እያስቈረጡ መንገዱን አስቀድመው ስላበጁለት ነው። ስለዚህ ከመድፉ ይልቅ መንገዱ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል።

የአክሱም ሐውልት ታሪክ ደግሞ ይህንኑ ከሌላ ወገን ያስረዳል። ቁመቱ 24 ሜትር ያህል፤ ክብደቱም ከ150 ቶን በላይ የሆነው ሐውልት ተሰብሮ ከወደቀበት ተነሥቶ በ1929 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል በመርከብ ወደ ኢጣልያ ተወሰደ። በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሲመለስ ግን ለሦስት ተከፍሎ በታላቅ የጭነት አውሮፕላን መጣ። ባሕሩ ሐውልቱን እንደ ወሰደው ለመመለስም የሚያንስ አልነበረም፤ ነገር ግን የምጽዋ መንገድ በጠብ ምክንያት ተዘግቶ ነበር፤ በሌላው በኩል ያሉት መንገዶችና ድልድዮችም እንዲህ ያለውን ሸክም ይችላሉ ተብለው አልታመኑም። እንግዲህ የከባድ ጭነት ነገር የሚወሰነው በባሕር ላይ ሳይሆን በየብስ ላይ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ቢሆንም ባሕሩም የራሱ ሥርዓት አለው። የተለመደው የ40 ጫማ ኮንቴይነር ርዝመቱ 12 ሜትር ያህል፤ የውስጥ ስፋቱም 2 ሜትር ከ35 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ልክ ያለፈው መኪና ጣራና ግድግዳ በሌለው መደብ ላይ ይታሰራል፤ መንኰራኵር ያለው እንደ ሆነ እየተነዳ ወደ መርከቡ ሆድ ይገባል፤ እጅግ የከበደውም ሁለት ክሬኖቻቸው ተባብረው ከ1,000 ቶን በላይ ለማንሣት በሚችሉ ልዩ መርከቦች ይጫናል። ኪራዩም የሚቈጠረው በክብደትና በይዘት ተመዝኖ በሚበልጠው ነው። ስለዚህ 20 ቶን የሚመዝን መኪና 60 ሜትር ኩብ ቦታ የያዘ እንደ ሆነ፤ ባለቤቱ የሚከፍለው ስለ 60 ነው። የመኪናውን ክንድ አስፈትቶ ለብቻው የሚያስጭን ብልኅ ገዥ ብዙ የውጭ ምንዛሪ ለአገሩ ያተርፋል።

ጭነቱ ከመርከብ ከወጣ በኋላ ዋናው ጥበብ ማሰር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፤ አንድ ወፍራም ሰንሰለት ከማመን ይልቅ በየማዕዘኑ የተመዛዘኑ ብዙ ማሰሪያዎች ይሻላሉ። የዓለም የባሕር ድርጅት በ1984 ዓ.ም. ያጸደቀው የጭነት አጫጫን መመሪያ የወጣው፤ ማዕበል መርከብን ሲያንገላታ የተፈታ ከባድ ዕቃ የመርከቡን ጐን ለመስበር የሚችል በመሆኑ ነው። ታላቅ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ሲጫን ዘይቱ ወጥቶ በደረቅ አየር ወይም በናይትሮጅን ይሞላል፤ በመንገድ የደረሰበትን ግጭት የሚመዘግብ መሣሪያም ይደረግበታል። ተቀባዩ በወደብ ላይ ይህን መዝገብ ሳይመረምር ቢፈርም፤ ኋላ ለሚገኘው ብልሽት ተጠያቂ ማጣቱ አይቀርም።

ስለ ኢንሹራንስም መዘንጋት አይገባም። መርከቢቱ በጭንቅ ጊዜ ትድን ዘንድ ካፒቴኑ የአንዱን ሰው ዕቃ ወደ ባሕር ቢጥል፤ ዕቃው የዳነለት ሁሉ ጉዳቱን በድርሻው እንዲካፈል የጥንት የባሕር ሕግ ያዝዛል። እንግዲህ ኢንሹራንስ ያልገባ ሰው መኪናው በደኅና ቢደርስለትም፤ የጋራውን ዕዳ ድርሻ ሳይከፍል ወይም ዋስ ሳይጠራ አይረከብም። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች በተመቱ ጊዜ ብዙዎቹ አፍሪካን ዞረው ለመሄድ ተገደዱ፤ ኪራዩና የኢንሹራንሱም ዋጋ ከፍ አለ። ከአውሮፓ ዕቃ የሚያስመጣ ሁሉ ይህን የመሰለ ነገር ሊደርስ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጭነቱ ጅቡቲ ይደርሳል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የባቡር መንገድ ታላቅ እርዳታ ነው፤ ነገር ግን ባቡር ከሠረገላው ልክ ያለፈውን አይቀበልም። ስለዚህ ታላቁ መኪና በሎቤድ ላይ ሆኖ፤ በጋላፊ ገብቶ፤ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ ከባሕር ጠረፍ ወደ ደጋው ይወጣል። በዚህ መንገድ ላይ አንድ ደካማ ድልድይ፤ አንድ ጠባብ መታጠፊያ ወይም ዝቅ ብሎ የተዘረጋ አንድ የኤሌክትሪክ ሽቦ፤ ውቅያኖስ ያልገታውን ዕቃ ሊገታው ይችላል። ክረምት የገባበት እንደ ሆነም ችግሩ ይበረታል።

የታላቁ የሕዳሴ ግድብ 13 ተርባይኖች ከባሕር ማዶ መጥተው እስከ ጉባ ድረስ ባይጓጓዙ ኖሮ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡን ለመመረቅ ባልተቻለም ነበር። ስለዚህ ሥራው ከዓቅማችን በላይ አይደለም። የሚጐድለን ዕውቀቱ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው አለመሻገሩ ነው። አንዱ ፋብሪካ በመከራ የተማረውን ሁለተኛው እንደ ገና በመከራ ይማረዋል።

ስለዚህ የሚከተለው እንዲደረግ እናሳስባለን። መኪና የሚገዛ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ወይም ኩባንያ፤ ውሉን ከመፈረሙ በፊት የዕቃውን ርዝመት፣ ስፋት፣ ቁመትና ክብደት ለይቶ ይወቅ፤ ከመርከቡ እስከ ፋብሪካው በር ያለውን መንገድ ያስመርምር፤ ከየት እስከ የት ኃላፊው ማን እንደ ሆነም በውሉ ይጻፍ። የመንገድ፣ የጉምሩክና የመርከብ ሹማምንትም መርከቡ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ከመነሣቱ በፊት በአንድነት ይምከሩ። የየድልድዩ የመሸከም ዓቅም ማንም ጫኝ በሚያገኘው መዝገብ ይጻፍ፤ ወጣቶቻችንም ይህን ጥበብ ይማሩ።

በወደብ ላይ የቆመ መኪና በየቀኑ የቦታ ኪራይ ይበላል፤ ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል፤ የብድሩም ወለድ አያንቀላፋም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል የአገራችን ሰው፤ የፈሰሰው ግን እንዲህ ያለ ከባድ ነገር የሆነ እንደ ሆነ ለመልቀም እንኳ አይቻልም። መጥኖ መጀመር የሚገባው መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ነው።