ደቡብን በአውቶቡስ፦ ለአንባቢዬ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ውድ አንባቢዬ፣

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሽሮ ሜዳ ላይ የተናገረችው ቃል ነው። ነጠላ ልትገዛ ሄዳ አብሬያት ነበርኩ። ጥለቱን በጣቶቿ እየዳሰሰች፣ «የእነዚህን ሸማኔዎች አገር ሳላየው ልቀር ነው፤ ጉብኝት እንደሁ የፈረንጅና የባለ መኪና ነው» አለችኝ። ይህች ሴት ከልጅነቷ ጀምሮ የዶርዜ ሸማኔ የሠራውን ስትለብስ ኖራለች። ዱባይን ሁለት ጊዜ አይታለች። ዶርዜ ግን ከዱባይ ይርቅባታል።

እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፤ መኪናም የለኝም። ደቡብን ግን ሦስት ጊዜ ዞሬዋለሁ። የመጀመሪያውን ከጓደኞቼ ጋር አዋጥተን በተከራየነው መኪና ነበር። በአራት ቀን አምስት ከተማ አዳረስን። ሾፌሩ ሰዓቱን እያየ፣ እኛ ፎቶ እያነሳን፣ ዶርዜ ላይ የቆየነው ለአንድ ስኒ ቡና የማይበቃ ጊዜ ነበር። ስመለስ ገንዘቤ አልቋል፣ የማወራው ግን አልነበረኝም። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በሕዝብ አውቶቡስ ሄድኩ። ወጪው ከመኪናው ድርሻዬ በእጅጉ ያንሳል፤ ያየሁት ግን እስካሁን አላልቅ ብሎኛል።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ብር ካነሰዎ በጊዜ ይክፈሉ። አሥር ቀን ፈቃድ ያጠራቅሙና አንድ ቀለበት መንገድ ይምረጡ፤ አገሩን በሙሉ ልይ አይበሉ። እኔ የምመርጥልዎ ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በሆሳዕና ወላይታ ሶዶ፣ ከሶዶ አርባ ምንጭ፣ ከዚያ ዶርዜና ኮንሶ፣ ሲመለሱ በዲላና በሐዋሳ የሚዞረውን ነው። በዚህ ቀለበት ላይ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው አራት ቦታዎች አሉ፤ ጢያ እ.ኤ.አ. በ1980፣ ኮንሶ በ2011፣ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2023፣ መልካ ቁንጡሬና ባልጭት በ2024። አራቱም በአውቶቡስና በሚኒባስ ይደረስባቸዋል።

የመውጫ ቀንዎን ከመቁረጥዎ በፊት የመንገዱን ሰላም ይጠይቁ። የሚጠየቁት ሰዎች መናኸሪያ ውስጥ ያሉት ሾፌሮች ናቸው፤ ትናንት ማታ የገቡበትን መንገድ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በተለይ ከኮንሶ በያቤሎ ወደ ዲላ የሚወስደው ክፍል አመቺ አይደለም ካሉዎ አይከራከሩ፤ በመጡበት በአርባ ምንጭ ይመለሱ። ወቅቱንም ይምረጡ። በሚያዝያና በግንቦት የኮንሶና የጋሞ ዝናብ ይበረታል። በመስቀል ሰሞን ደግሞ ጉራጌው፣ ወላይታውና ጋሞው ሁሉ ወደ አገሩ ስለሚጓዝ ትኬት ይጠፋል።

መናኸሪያ የሚደርሱት ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይሁን። ጨለማው ሳይገፈፍ «ሆሳዕና! ሶዶ! አንድ ሰው የቀረው!» የሚለው ጩኸት ይጠብቅዎታል። አንድ ሰው የቀረው ያሉት መኪና ግማሹ ባዶ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው የአውቶቡስ ጉዞዬ አንድ ደላላ ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቆ አንድ መኪና ላይ ጫነና ከታሪፉ እጥፍ አስከፈለኝ። ታሪፉ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ እንደነበር ያየሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። እርስዎ ታሪፉን አንብበው፣ ትኬትዎን ከመስኮቱ ቆርጠው፣ ሻንጣዎን ራስዎ ይዘው ይግቡ። ወንበርዎ ወደፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ኋላ ወንበር ላይ የመንገዱ ጉድጓድ ሁሉ ወገብዎ ላይ ያርፋል።

የመጀመሪያውን ቀን እስከ ሶዶ ልግፋ አይበሉ። መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዋሽ ዳር። ከ700,000 ዓመት በፊት ሕፃናትና ትልልቅ ሰዎች ጭቃ ላይ የረገጡት ዱካ የተገኘው እዚያ ነው። ሙዚየሙ በጎጆ ቤቶች የተሠራ ትንሽ ነገር ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይወስድብዎትም። ከዚያ የቡታጅራ ሚኒባስ ይያዙና ጢያ ላይ ይውረዱ። 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ምስል ተቀርጾባቸዋል፤ በብዛት ሰይፍ፣ ሰይፍ፣ ሰይፍ። ከሥራቸው መቃብር ነው። ረፋዱ ላይ ብቻዬን ቆሜ የአንዱን ድንጋይ ሰይፎች ስቆጥር አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ከብቶቻቸውን እየነዱ አለፉ። ሰላም አሉኝ፣ ድንጋዩንም በዓይናቸው ሰላም ያሉት መሰለኝ። ሆሳዕናንና ሶዶን ለማደሪያ ያህል ይያዟቸው፤ እኔ ብዙ አልቆየሁባቸውም።

አርባ ምንጭ ሙቀት ነው። የአልጋ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት አጎበሩን ይመልከቱ። ቀዳዳ ካለው ሌላ ክፍል ይጠይቁ፤ የወባ አገር ነውና በዚህ ላይ መቆጠብ አይገባም። መታወቂያም ይያዙ፤ ያለሱ አልጋ አያገኙም። ከላይኛው የከተማው ሰፈር፣ ከሼቻ በኩል ቁልቁል ሲያዩ ሁለቱ ሐይቆች አንድ ላይ ይታያሉ፤ አባያ በደለሉ ቀልቶ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጋራ። ይህን ለማየት የሚከፈል የለም። ጫሞ ላይ አዞና ጉማሬ ለማየት ጀልባ ያስፈልጋል። ጀልባ የሚከራየው እንደ ጀልባ እንጂ በነፍስ ወከፍ ስላልሆነ ጠዋት ወደብ ላይ ሌሎች ጎብኚዎች እስኪመጡ ይጠብቁና ይጋሩ። እኔ አንድ ሰዓት ጠብቄ ከሐዋሳ ከመጡ አዲስ ሙሽሮች ጋር ገባሁ። ምሳዬን የበሉት እነሱ ናቸው፤ እኔም የእነሱን ብርቱካን ጨረስኩ።

አሁን ወደ ዶርዜ። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መኪና ጠዋት ጠዋት አለ። ከቆላው ሙቀት ተነስተው በአንድ ተራራ ከ2,500 ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ ይወጣሉ፤ መንገዱ በዞረ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ተሳፋሪው ጋቢውን ያወጣል። ቀርከሃና እንሰት ያጠረው መንደር ሲደርሱ ቤቶቹን ያያሉ። ከቀርከሃ የተሸመኑ ናቸው፤ እንደ ጨርቅ። ፊታቸው የዝሆን ግንባር ይመስላል፤ ኩምቢው የሚወጣበት ቦታ ላይ በሩ አለ፣ ከላይ ጭስ የሚወጣባቸው ሁለት ዓይኖች።

ያረፍኩት አንዲት እናት ግቢ ውስጥ ነው። እማማ እላቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ እንሰት ሲፍቁ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ግንዱን ጣውላ ላይ አስደግፈው፣ በአንድ እግራቸው ረግጠው፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ይፍቃሉ። ነጩ ሥጋ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቃጫው በእጅ ይቀራል። የተፋቀው በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ወራት ይከርማል። ማታ የበላነው ቆጮ የአምና ነበር፤ ትኩሱን በማር አንድ ጊዜ፣ በዳጣ አንድ ጊዜ። እኔ ልሞክር ብዬ ፋቂያውን ስቀበላቸው ቃጫውን በጠስኩት። እማማ እጄን በእጃቸው ይዘው፣ «ቀስ፣ ወደ ራስህ አትጎትተው፣ ወደ መሬት ላከው» አሉኝ።

ከጎረቤት ልጃቸው ይሸምናል። እግሮቹ ጉድጓድ ውስጥ፣ ገበታው ደረቱ ላይ፣ መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ክሩን የፈተሉት እናቱ ናቸው፤ በዶርዜ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ነው። ሽሮ ሜዳ አጎት እንዳለው ነገረኝ። አንድ ነጠላ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ጠየቅሁት፤ ጥለቱን አሳየኝና ቀኖቹን ቆጠረልኝ። ከዚያ ወዲህ ሽሮ ሜዳ ላይ ዋጋ ስከራከር እጄ ያፍራል። አንባቢዬ፣ በጉዞዎ የሚቆጥቡት ከመኪና ኪራይ፣ ከባለ ኮከብ ሆቴል፣ ከማያስፈልግ ዕቃ ላይ ይሁን። ከሸማኔው ላይ፣ ከመንደሩ አስጎብኚ ላይ፣ ቆጮ ከጋገሩልዎ እናት ላይ አምስት ብር አያስቀንሱ። የአውቶቡሱ ጥቅም ይኸው ነው፤ የሚተርፍዎት ገንዘብ ለእነሱ ይደርሳል።

ኮንሶ ላይም እንዲሁ። ካራት ከተማ ሲደርሱ መጀመሪያ የጉብኝት ክፍያውን ይክፈሉ፣ ደረሰኙን ይያዙ፣ የአካባቢውን አስጎብኚ ይቅጠሩ። ለአገር ልጅ የሚጠየቀው ለውጭ ዜጋ ከሚጠየቀው በብዙ ያንሳል። እኔ በሁለተኛው ጉዞዬ ያለ አስጎብኚ ልግባ ብዬ በመንደሩ የድንጋይ አጥር መካከል ጠፋሁ፤ መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም፣ ሁሉም ጠመዝማዛ ነው። በሦስተኛው ግን ከአንድ የመንደሩ ወጣት ጋር ሄድኩና ያለፈው ጊዜ እንጨት ብቻ መስሎኝ ያለፍኩት ነገር ምን እንደሆነ አወቅሁ። አደባባዩ ላይ የቆሙት የጽድ ግንዶች ትውልድ ናቸው። አንዱ ትውልድ ከሌላው በተረከበ ቁጥር አንድ ግንድ ይተከላል፤ ግንዶቹን የቆጠረ የመንደሩን ዕድሜ ይቆጥራል። ወጣቱ እጁን አንዱ ላይ አሳርፎ «ይህ ሲተከል አባቴ ገመድ ይዞ ነበር» አለኝ።

ከመንደሩ ወጥተን እርከኑ ላይ ተቀመጥን። ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ከተራራው ጫፍ እስከ ሸለቆው። አንዳንድ ቦታ ካቡ አምስት ሜትር ይደርሳል። ከ400 ዓመት በላይ እየተጠገነ የኖረ ነው። ከበታቻችን አንድ ገበሬ ዝናብ የናደውን ጥግ ይጠግን ነበር። አንድ ድንጋይ ያነሳል፣ ያገላብጠዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ደስ ካላለው መልሶ ያነሳዋል። አጠገቡ ማሽላና ሽፈራው። ግማሽ ሰዓት ያህል ስናየው አንድ ክንድ አልሞላም። በመኪና በመጣሁ ጊዜ በዚሁ እርከን አጠገብ አልፌ ነበር፤ ከአስፋልቱ ላይ መስመር መስመር ሆኖ ይታያል፣ ያምራል፣ ያልፋል።

የመልሱን ጉዞ አላረዝምብዎትም። ጌዴኦ ላይ ቡናው ከእንሰት ጋር፣ እንሰቱ ከትልልቅ ዛፎች ሥር አብሮ ይኖራል፤ ከአውቶቡሱ መስኮት ጫካ የሚመስልዎ የሰው እርሻ ነው። ሐዋሳ ላይ አንድ ቀን ይረፉ። ጠዋት አሞራ ገደል ይውረዱ፤ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲፈቱ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተራ ይዘው ቆመው ይጠብቃሉ።

አንድ አደራ አለኝ። የዶርዜ ቤት ከሥሩ ምስጥ ይበላዋል። የተበላውን ቆርጠው ሲጥሉ ቤቱ ያጥራል፤ አዲስ ሲሆን 12 ሜትር የሚደርሰው ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ ከሰው ቁመት ብዙ ሳይበልጥ ያረጃል። የእማማ ቤት የተሠራው ሙሽራ ሆነው በገቡበት ዓመት ነው። በሁለተኛው ጉዞዬ በሩን ለመግባት አንገቴን ብቻ ጎንበስ አድርጌ ነበር። በሦስተኛው ወገቤን አጠፍኩ። እማማም በትራቸውን ይዘው ከኋላዬ ሲገቡ ጎንበስ አላሉም፤ እሳቸውም ከቤቱ ጋር አጥረዋል። ወደ ጨንቻ ሲወጡ ዶርዜ ላይ ይውረዱና ከመንገዱ በስተግራ፣ ከትልቁ የቀርከሃ አጥር ኋላ ያለውን ግቢ ይጠይቁ። በሩ ላይ ሲደርሱ ምን ያህል እንደተጎነበሱ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ