«ተዛውሯል!» ወዴት?

ከጀሞ ወይም ከለቡ ተነስቶ ቂሊንጦ የታሰረ ልጁን የሚጠይቅ ቤተሰብ ተራ ያወጣል፤ ማን ቅዳሜ ማን እሑድ እንደሚሄድ ይከፋፈላል። አንዱ ከሥራ ያስፈቅዳል፣ ሌላው ለታክሲ ያዋጣል፣ እናት በሌሊት ተነስታ ስንቅ ታዘጋጃለች። አንዳንዴ በሩ ላይ የሚጠብቃቸው አንድ ቃል ነው፦ «ተዛውሯል»።

ይህ የአሠራር ክፍተት ሳይሆን የመብት ጥሰት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በዘመዶቹ፣ በጓደኞቹ፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት አለው ይላል። የት እንዳለ ያልተነገረን ሰው ማን ሄዶ ይጠይቀዋል?

ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. ቂሊንጦ ሲቃጠል፣ በመንግሥት መግለጫ እንኳ 23 እስረኞች ሞተዋል። ሌሎች ወደ ሸዋ ሮቢትና ዝዋይ ተወሰዱ። ወላጆች ግን ልጃቸው ከሞቱት ይሁን ከተወሰዱት ሳያውቁ ለቀናት ከበር ወደ በር ተንከራተቱ።

«የጸጥታ ጉዳይ ነው» ይባላል። ጉዞው ሚስጥር ይሁን፤ እስረኛው ከደረሰ በኋላስ ምን ሚስጥር አለ? የማንዴላ ደንቦች እንኳ እስረኛ ሲዛወር ወዲያውኑ ለቤተሰቡ የማሳወቅ መብት አለው ይላሉ። መፍትሔው በጀት አይጠይቅም፦ ሲገባ የቤተሰቡን ስልክ መመዝገብ፣ በተዛወረበት ቀን መደወል።

ስንቁን፣ ልብሱንና መድኃኒቱን ሲያመላልስ «ቤተሰብ» የተባለ ሰው፣ ልጁ የት እንዳለ ሲጠይቅ ባዕድ ሊሆን አይገባም። ቂሊንጦ ካሉት ብዙዎቹ ገና ያልተፈረደባቸው ናቸው። ቤተሰባቸው ግን በየበሩ እየተቀጣ ነው።