«ሊሄዱ ነው» የምንላቸው ጎረቤቶች

አዲስ አበባ፣ ኢምፔሪያል አካባቢ ቤት የሚያከራይ ሰው ደላላውን ቀድሞ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ «ተከራዩ ኤርትራዊ ነው?» የሚለው ነው። መልሱ «አዎ» ከሆነ ዋጋው ከፍ ይላል። ለምን ብትል ደላላውም አከራዩም ምክንያቱን አጥንተውታል፤ ዘመድ ከውጭ ዶላር ይልክላቸዋል፣ ዋጋ ላይ አይከራከሩም፣ ደግሞም ሊሄዱ ነው።

እኔን የሚያበሳጨኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ከኢምፔሪያል እስከ ገርጂ፣ ከገርጂ እስከ ሃያ ሁለት ድረስ፣ እዚሁ ወልደው ልጆቻቸውን የአማርኛ ፊደል ያስቆጠሩ፣ የሰፈሩን ባለሱቅ በስሙ የሚጠሩ፣ በዱቤ የሚገዙ ሰዎች አሉ። ጎረቤት ግን ሲያገኛቸው ከሰላምታው ጋር አያይዞ «ፕሮሰሱ አለቀላችሁ?» ይላቸዋል። በደግነት ነው የሚጠይቀው። ዓመት ቆይቶም፣ ልጃቸው ሦስተኛ ክፍል ሲገባም ያንኑ ይጠይቃል።

እርግጥ ብዙዎቹ ካናዳን ይጠብቃሉ፤ ስፖንሰር አግኝተው የሄዱም ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን ሰውን ጠባቂ ያደረገው ማን እንደሆነ እንይ። መንግሥት በ2002 ዓ.ም. ኤርትራውያን ስደተኞች ከካምፕ ውጭ እንዲኖሩ ሲፈቅድ፣ ራሳቸውን የሚችሉ ወይም የሚደግፋቸው ዘመድ ያላቸው እንዲሆኑ ጠየቀ፤ የመሥራት ፈቃድ ግን አልሰጣቸውም። እንግዲህ እንዳይሠሩ ተደርገው ከተማ የገቡ ሰዎች ከዘመድ በሚላክ ገንዘብ ቢኖሩ ምን ይገርማል? መጀመሪያ በደንብ ከዶላር ጋር አሰርናቸው፤ ቀጥለን በዶላራቸው ኪራይ ጨመርንባቸው፤ በመጨረሻ «ኪራዩን ያስወደዱት እነሱ ናቸው» ብለን ተማረርን። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበው ሕዝብ ወደ 1 ሚሊዮን እንደሚጠጋ የሚያውቅ ሰው የቤት እጥረቱን በስደተኛ ላይ ሲያላክክ ስሰማ ምን እንደምል ይጠፋኛል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ዓለም ያጨበጨበለት ነበር። ስደተኛ ይሠራል፣ የባንክ ሒሳብ ይከፍታል፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣል፣ ሲም ካርድ በስሙ ይይዛል ይላል። ወረቀቱ መልካም ነው። በተግባር ግን የሥራ ፈቃዱ ለብዙው አልደረሰም፤ በፀጉር ቤቱ፣ በምግብ ቤቱ፣ በጋራዡ የሚሠራው ያለ ውል፣ አሠሪው ባሰበለት ዋጋ ነው። ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ኤርትራውያንን በጅምላ ስደተኛ ብሎ መቀበል ቀረ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የትግራይ ጦርነት ኤርትራውያን ስደተኞች ይኖሩባቸው የነበሩትን የሕፃጽንና የሽመልባን ካምፖች አወደመ። ከዚያ ሸሽቶ አዲስ አበባ የደረሰውን ሰው «እንኳን ደህና መጣህ» ያለው ደላላው ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን በእንግዳ ተቀባይነታችን መኩራራታችንን አልተውንም። እንግዳን ቡና አፍልቶ መቀበል ያምርብናል፤ አልክድም። ግን እንግዳ ለዘላለም እንግዳ ሆኖ እንዲኖር የምንፈልግ ይመስላል። ለእንግዳ እንጀራ ይቀርብለታል፤ የቤት ኪራይ ውል ግን በስሙ አይፈረምለትም።

አሁን እስቲ ፊታችንን ወደ ዋሽንግተን እናዙር። እዚያው አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳውን የእኛን ሰው «መቼ ነው የምትሄደው?» ብሎ የሚጠይቀው ቢገኝ ዘረኛ እንለዋለን፤ ልክም ነን። ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ2002 የፌርፋክስ ጎዳናን አንድ ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ስትል ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ሲሆንም ኮራን። ባዕድ ከተማ ቤታችን እንዲሆን ስም፣ ቋንቋና ወረቀት እንደሚያስፈልግ እዚያ ማዶ አሳምረን እናውቃለን። ገርጂ ላይ «ትንሿ አስመራ» የሚል ታፔላ ቢሰቀል ግን በማግስቱ የሚነሳውን ጩኸት ገምቱት። እዚሁ ቦሌ ሚካኤልን ስንት ዘመን ያሞቁት ሶማሌዎችም «ሚኒሶታ ሊሄዱ ነው» ከመባል አልዳኑም።

«ሊሄዱ ነው» የሚባለው ነገር ከዚህ ቀደም ምን እንዳስከተለም አንርሳ። ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ወቅት፣ ከሰኔ 1990 ዓ.ም. ጀምሮ፣ 75 ሺህ ገደማ ኤርትራውያንና የኤርትራ ዝርያ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ተባረዋል። ብዙዎቹ ተወልደው ያደጉት እዚህ ነበር፤ ሱቃቸው፣ ቤታቸው፣ ትዳራቸው እዚህ ነበር። አንድ ሌሊት ፖሊስ አንኳኩቶ መንገደኛ መሆናቸውን ነገራቸው። ዛሬ የስደተኛ መታወቂያ ይዘው ኪራይ ከሚፈልጉት መካከል የእነዚያ ሰዎች ልጆች አሉ፤ ወላጆቻቸው በተባረሩበት ከተማ ለመኖር ወረፋ ይጠብቃሉ።

ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ የሚጠበቅብን አዲስ ሕግ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ እንዲመዘገብ፣ ዋጋም እንደ አከራዩ ፍላጎት በየጊዜው እንዳይጨምር ያዛል። መታወቂያው ያልታደሰለት ተከራይ ግን ወረዳ ሄዶ መብቴ ይከበር ለማለት አይደፍርም። አከራዩም ይህን ያውቃል፤ በቃል ያከራያል፣ በቃል ያስወጣል። ስለዚህ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት መታወቂያውን በወቅቱ ቢያድስ ከማንኛውም መግለጫ ይበልጥ ይጠቅማል።

የሰፈር እድሮችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ሲመሽ ሐዘን ለመድረስ የሚመጣን ኤርትራዊ ጎረቤት «አብሮን አለቀሰ» ብለው ያመሰግናሉ፤ መዋጮ ከፍሎ አባል ይሁን ሲባል ግን «ሊሄድ ነው» ይላሉ። እድሩ እንዲህ ይበል እንጂ፣ የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 እንኳ ዜግነት ለሚጠይቅ የውጭ ሰው ካስቀመጣቸው መስፈርቶች አንዱ አራት ዓመት በአገሪቱ መኖር ነው፤ ሌላው ከአገሪቱ ቋንቋዎች አንዱን መቻል፣ ሌላው በቂና ሕጋዊ ገቢ ነው። ከእነዚህ ጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ አራቱን ዓመት በእጥፍ ኖረውታል፤ አማርኛውንም ከእኛ እኩል ይናገሩታል። ሕጋዊ ገቢውን ግን በሕግ እንዲሠራ ያልተደረገ ሰው ከየት ያመጣዋል?