ተመድበን የገባንበት ሥራ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ ተማሪውን የሚጠይቀው «ምን ደረሰህ?» እያለ ነው፤ ልክ እንደ ኮንዶሚኒየም ዕጣ። ፎርሙ ላይ ምርጫ መሙላቱ አለ፤ የሚወስነው ግን ውጤትና የዩኒቨርሲቲዎች የመቀበል አቅም ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ «ሰባ ሠላሳ» የሚባለው አሠራር ሲመጣ ደግሞ ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ተደረገ። ልቡ ሥነ ጽሑፍ ላይ የነበረ ልጅ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምሮ ወጣ። መምህርነት በበኩሉ ለረጅም ዘመን ውጤት ያልመጣለት የሚመደብበት ሙያ ሆኖ በመቆየቱ፣ ማስተማር የሚወድ ጎበዝ ተማሪ እንኳ ፍላጎቱን ጮክ ብሎ ለመናገር ያፍር ነበር።

ያ ልጅ ዛሬ 35 ዓመት ሆኖታል። ሥራ አለው፣ ትዳር አለው፣ ወር ጠብቆ የሚገባ ደመወዝ አለው። እሁድ ማታ ሲሆን ግን ፊቱ ይጠቁራል። እንዲህ ያለው ሰው ሌላ ሥራ ሲያምረው «ቀበጠ» እንለዋለን። በእኔ እምነት ገና አሁን መምረጡ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ያልጠየቅነውን ጥያቄ ራሱን በራሱ እየጠየቀ ነው።

ይህን የሚሰሙ አነቃቂ ተናጋሪዎች ቶሎ መልስ አላቸው። በሆቴል አዳራሽና በዩቲዩብ «ፍርሃትህን ግደለው፣ ዝለል!» ይላሉ። መግቢያ የሚያስከፍሉም አሉ። የማይነግሩን ነገር ቢኖር ከዘለሉ በኋላ የቤት ኪራዩን ማን እንደሚከፍል ነው። የሰውን ፍርሃት እንደ ስንፍና መቁጠር ደግ አይመስለኝም። አብዛኛው ፍርሃት ወረቀት አለው፣ ፊርማና ማኅተም አለው፤ ቀን ተቆርጦለት የሚከፈል ነው።

የማውቃት ሴት አለች፤ በአንድ ባንክ ብድር ክፍል 11 ዓመት ሠርታለች። የጎረቤቷ ልጅ መስማት የተሳነው ስለነበር ከእሱ ጋር ለመግባባት ብላ የምልክት ቋንቋ ለመደች። ከዚያ ቅዳሜና እሁድ ኮርስ ወሰደች፤ ቆየት ብላም በደብሯ መስማት ለተሳናቸው ምዕመናን ስብከት ማስተርጎም ጀመረች። ሰኞ ቢሮ ስትገባ ግን ቅዳሜ የነበረችውን ራሷን አታገኛትም። መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት አንድ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር እንደሚፈልግ ስትሰማ ለአንድ ሳምንት እንቅልፍ አልወሰዳትም።

የደንበኛን የብድር ማመልከቻ መመርመር ሥራዋ ነውና አንድ ማታ ቁጭ ብላ የራሷን መረመረች። ደብተሩን አሳይታኛለች። በመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው የቤት ብድር ነው። በብዙ ባንኮች ሠራተኛ የሚበደረው በቅናሽ ወለድ ነው፤ ሥራውን ሲለቅ ቅናሹ ይነሳና እንደ ማንኛውም ደንበኛ ይታሰብበታል ወይም ቀሪውን ጠቅልሎ እንዲከፍል ይጠየቃል። አዲሱን የወር ክፍያ አስልታ ጽፋዋለች፤ ከመምህርነቱ ደመወዝ ከግማሽ በላይ ይበላል። ከሥሩ ዋስትናው አለ። የአጎቷ ልጅ በገንዘብ ያዥነት ሲቀጠር ዋስ ሆና ፈርማለች፤ ከባንኩ ከወጣች እሱ ሌላ ዋስ ማምጣት አለበት። ቀጥሎ ለእናቷ በየወሩ የምትቆርጠው፣ ከዚያ ዓመታዊው ቦነስ፣ ከዚያ ጡረታው።

ጡረታውን ከዝርዝሩ የሰረዘችው በማግስቱ ነው። ብዙ ሰው መሥሪያ ቤት ከለቀቀ የጡረታ ዘመኑ የሚቃጠል ይመስለዋል። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ በ2003 ከወጣ ወዲህ ግን በግል ተቋማትም ሠራተኛውና አሠሪው መዋጮ ይከፍላሉ፤ ዛሬ ሠራተኛው ከደመወዙ 7፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ እየከፈሉ ነው፤ ከአንዱ ቀጣሪ ወደ ሌላው ሲሄዱ ያገለገሉበት ዘመን አብሮ ይቆጠራል። ይህን የነገራት የሰው ኃይል ክፍል ባልደረባዋ ነው፤ ያውም ቡና ላይ፣ በጨዋታ መሃል። የሥራ መልቀቂያ ጉዳይም እንደዚያው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በፈቃዱ መልቀቅ እንደሚችል በግልጽ ይደነግጋል። እንዲህ ያለው መረጃ በአንድ ገጽ ተጽፎ በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ቢለጠፍ የስንቱን ጭንቀት ያቀል ነበር! የሚለጠፈው ግን የሰዓት ፊርማ ማሳሰቢያ ነው።

ብድሩን የፈታችው በከባዱ መንገድ ነው። ኮንዶሚኒየሙን አከራይታ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች፤ ኪራዩ ብድሩን ይከፍላል። ለአጎቷ ልጅ ሌላ ዋስ እስኪገኝ ወራት ፈጀ፤ እሷም እስከዚያው የመልቀቂያ ማመልከቻዋን በቦርሳዋ ይዛ ጠበቀች። እዚህ ላይ ከአነቃቂዎቹ ጋር የምለያይበትን ልናገር፦ ያ የጥበቃ ጊዜ ድፍረቷን አልቀነሰውም። የሌላ ሰው እንጀራ በእሷ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ብትዘል ኖሮ ድፍረት ሳይሆን ግዴለሽነት ይሆን ነበር።

በደብተሩ መጨረሻ «ሰው» የሚል አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፤ አጠገቡ ቁጥር የለም። አክስቷ ጉዳዩን ሲሰሙ «ባንክ የሚያህል ሥራ ትተሽ አስተማሪ? ምን ጎደለሽ ልጄ?» ብለው ለሁለት ሳምንት አኮረፏት። በአክስቷ አልፈርድም። እሷን ያስተማራት ቤተሰቡ አዋጥቶ ነው፤ ባንክ መግባቷ የሁሉም ድል ነበር። ደመወዝ ሲቀንስ የሚጎዳው ኪስ ብቻ አይደለም፤ ሰርግ ላይ የሚሰጥ ስጦታ፣ ለታመመ ዘመድ የሚዋጣ ገንዘብ፣ በቤተሰብ ጉባኤ ላይ የሚሰማ ድምፅ አብሮ ያንሳል። የእኛ አገር ሰው ሥራ ሲቀይር ብቻውን አይቀይርም።

ወላጅ አልባ ሕፃናትን ያሳደጉት የዶክተር አበበች ጎበና ታሪክ ሲነሳም ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይኸው የዘመድ ተቃውሞ ያለበት ክፍል ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለንግሥ ሄደው፣ በወሎ ረሃብ የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አግኝተው ይዘው መመለሳቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ያን ጊዜ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው የሚሠሩ ባለትዳር ነበሩ። አንድ ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ደረሱ። ባልም ዘመድም ከልጆቹና ከቤቱ አንዱን ይምረጡ አሏቸው፤ እሳቸውም ልጆቹን ይዘው ወጡ። ለእነዚያ ልጆች ራት የመጣው እንጀራ ጋግረው፣ ቆሎ ቆልተው ሸጠው ነው። በሰኔ 2013 በኮቪድ ሲያርፉ አገር አለቀሰላቸው፤ «የአፍሪካዋ ማዘር ቴሬዛ» ተባሉ። ልጆቹን ይዘው በወጡበት ጊዜ ግን በብዙ ሰው ዓይን «ያበደች ሴት» ነበሩ። ዛሬ ሥራ የሚቀይሩትን ሰዎች ከመውቀሳችን በፊት ይህን ማስታወስ ይገባል፤ አክብሮታችን ዘወትር ሥራው ከሰመረ በኋላ ነው የሚመጣው።

ሁሉም ሰው እንደ እሳቸው ቤቱን ትቶ ይውጣ አልልም። እንዲያውም ያን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል አይገባም ነበር። ባንኮች ለረጅም ጊዜ ላገለገለ ሠራተኛ የብድር ወለዱን በአንድ ቀን ከማንሳት ቀስ በቀስ ቢያሳድጉት ብዙ የሚጎዱ አይመስለኝም፤ ልቡ የሌለ ሠራተኛ በወለድ ታስሮ ቢቀመጥ ለእነሱስ ምን ይረባል? በየቤታችንም ቢሆን የሚቻል ነገር አለ። ለትዳርና ለቤት መሥሪያ ዕቁብ እንጥላለን፤ ሙያ ለሚቀይር ልጃችን የስድስት ወር ቀለብ እንሸፍንልህ ያለ ቤተሰብ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ሴትዮዋ አሁን ሒሳብ ታስተምራለች። ደመወዟ ቀንሷል፤ ታክሲ ትታ አውቶቡስ ትጠብቃለች፤ ቦነስ በሚከፈልበት ሐምሌ ወር ላይ ትንሽ እንደሚከፋት አልደበቀችኝም። ሰኞ ጠዋት ግን ቀድማ ትነሳለች። አክስቷ ታርቀዋታል፤ የእድር ሰዎች ስለ እሷ ሲጠይቋቸው ግን እስከ ዛሬ «ባንክ ናት» እያሉ ነው የሚመልሱት።