በሩን ቆልፈን ዋይፋዩን ክፍት አንተው

ማታ የግቢያችንን በር ሳንቆልፍ አንተኛም። የዋይፋያችንን በር ግን ስንቶቻችን ፈትሸን እናውቃለን? የይለፍ ቃሉን ለእንግዳ እንሰጣለን፤ እንግዳው ለጓደኛው፣ ጓደኛው ለጎረቤቱ ይሰጣል። ከዚያ ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ «ኔትወርክ የለም» ብለን እናማርራለን።

ጉዳዩ የፍጥነት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ከፋብሪካ የመጣ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ የደህንነት ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት ተቆጣጥሮ፣ ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ትልልቅ ድረ ገጾች ለብዙ ሰዎች እንዳይከፈቱ አድርጎ ነበር። ካሜራው ሥራውን እየሠራ ስለሚቀጥል ባለቤቱ ምንም ላያውቅ ይችላል።

ስለዚህ የቤታችንን ኔትወርክ የሚያሳየን በመዳፍ የሚያዝ መሣሪያ ራሳችን እንሥራ እንላለን። የሚያስፈልገው ዋይፋይ በውስጧ ያላት ኢኤስፒ32 የተባለች ትንሽ ቦርድ፣ 0.96 ኢንች ስክሪን፣ የዩኤስቢ ገመድና ፓወር ባንክ ነው። ኮዱ በአርዱይኖ ይጻፋል። ቦርዷ የምትወስደው ኃይል ትንሽ ስለሆነ አንዳንዱ ፓወር ባንክ ራሱን ሊያጠፋ ስለሚችል አስቀድማችሁ ሞክሩት።

ስክሪኑ ላይ ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ ራውተሩና ከቤት ውጭ ያለ አንድ አድራሻ፣ ለምሳሌ 8.8.8.8፣ መልስ መስጠታቸው። ራውተሩ መልሶ የውጪው ዝም ካለ ችግሩ ምናልባት ከመስመሩ ነው፤ ራውተሩ ራሱ ዝም ካለ ግን ችግሩ እዚሁ ቤታችን ነው። ሁለተኛ፣ መልሱ የፈጀው ጊዜ በሚሊሰከንድ። ሦስተኛ፣ የተገናኙት ዕቃዎች ብዛት፤ ቦርዷ የቤቱን አድራሻዎች ተራ በተራ እየጠራች የመለሱትን ትቆጥራለች። የዛሬ ስልኮች ግን ለየኔትወርኩ የተለየ መለያ አድራሻ ስለሚጠቀሙ፣ የማናውቀው ነገር ሲመጣ «ሌባ ገባ» ብለን ከመጮኻችን በፊት የቤቱን ስልኮች እንቁጠር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስምርበት። መሣሪያው ጠባቂ እንጂ ሰላይ አይሁን። እህታችን ምን ድረ ገጽ ከፈተች፣ ወንድማችን ከማን ጋር አወራ ብሎ መመዝገብ ቤት መጠበቅ አይደለም፤ የሰውን ገመና መከታተል በዲናችንም የተወገዘ ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ሳሎን ውስጥ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይቀመጥ፤ ምን እንደሚቆጥርም ለቤተሰቡ ይነገር። የጎረቤትን ኔትወርክ ያለ ፈቃዱ መፈተሽም ሰው ቤት ሳያንኳኩ እንደመግባት ነው።

ቦርዱን ለመግዛት አቅም የሌለን አንጠብቅ። የራውተራችንን ገጽ ከፍተን የተገናኙትን ዝርዝር እንይ፤ ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ዛሬውኑ እንቀይር። መሣሪያው ኢንሻአላህ ይደርሳል። በሩ ግን ዛሬ ማታም መቆለፍ አለበት።